ዞር ብሎ የሚያይ ውሻ

ወንድም ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ነገር ይደጋግሙ ነበር፦ «የፈረንጅ ውሻ ሽታ ተከትሎ ይጠፋል። የሰፈር ውሻ ግን ያገኝና ዞር ብሎ ጌታውን ያያል።» እዚሁ ፒያሳ ግቢያችን ውስጥ የጃርት ቆዳ ቁራጭ እየደበቁ አንበሴ የሚሉትን ውሻቸውን አደን ያስተምሩት ነበር። ካላገኘ ራት የለም።

ባለ ፈረንጅ ውሻው ጎረቤታችን ደግሞ «የገንዳ ውሻ ምን አደን ያውቃል?» እያለ ይስቅባቸዋል። ካቻምና እንጦጦ አብረው ጃርት ሊያድኑ ሄደው የሱ ውሻ ጫካ ገብቶ ጠፋ። ፈልጎ ያገኘለት አንበሴ ነው። እሱዬው ግን «ውሻዬ ራሱ መጣ» ብሎ ለሰፈሩ አወራ። ወንድም ጋሼ ይቺ እንደቆጨቻቸው ሞቱ። እኔ ልተወው? አያውቀኝም!

ለቅሶው ድንኳን ውስጥም ያንኑ ሲያወራ ሰማሁት። ኮቱን ወንበሩ ላይ አንጠልጥሏል። ሹልክ ብዬ የጃርቱን ቆዳ ኪሱ ከተትኩና አንበሴን ፈታሁት። አንበሴ ለቀስተኛውን ሁሉ አልፎ ኮቱ ላይ አፍንጫውን ተክሎ ጮኸ።

«ኧረ እትዬ፣ ያዙልኝ!» አለኝ ጎረቤታችን።

«መጀመሪያ ውሻህን ማን እንዳገኘልህ ተናገር።»

«አንበሴ ነው! የጋሼ ውሻ ነው!»

ድንኳኑ በሙሉ ሰማ። አንጀቴ ራሰ።

አንበሴም ዞር ብሎ አየ። እኔን አይደለም፤ ደጃፍ ላይ ያለችውን፣ ወንድም ጋሼ ይቀመጡባት የነበረችውን ባዶ ዱካ ነው። እኔ በቀሌን ተወጣሁ። እሱ ግን ራቱን ባቀርብለት አልነካም።