ሀሊሜ የምታውቃት ቼልያቢንስክ

እንጅባራ ገበያ ዳር ብርድ ልብስ የምትሸጠው ሀሊሜ ከአዲስ አበባ ይልቅ ቼልያቢንስክ የምትባለውን ፋብሪካ የበዛባት የሩሲያ ከተማ አብጠርጥራ ታውቃለች። አዲስ አበባን ያየቻት አንዴ ነው፤ እሱም አንድ ልጇን መርዋንን ለትምህርት ወደ ሩሲያ ስትሸኝ። ቼልያቢንስክን ጭራሽ አላየቻትም።

በእኛ አገር ሰላምታ "ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ" ተባብሎ መለያየት አይደለም። ከብቱ ይጠየቃል፣ አዝመራው ይጠየቃል፣ የጎረቤት አማች ሳይቀር በስሙ ይጠየቃል። መርዋን በሄደበት አገር ግን ሀሊሜ በስም የምትጠይቀው ሰው የለም። አባቱም ሞቷልና እሱም ከዚህ የሚጠይቀው እየሳሳ ሄደ። በየዓርቡ ከጁምዓ በኋላ በኢሞ ሲደውል ወሬው በሁለት ደቂቃ ያልቅና ዝም ይባባላሉ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው አንድ ልጁን ሩቅ አገር የላከ አይመስለኝም። ሀሊሜ አንድ ዓርብ መደወሉን ይተወዋል ብላ ሰጋች።

ስለዚህ ከተማዋን ራሷን ልትጠይቅ ቆረጠች። ከጎኗ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት እመቤት ከስልኳ እያነበበች ታስጠናት ጀመር። የከተማዋ አርማ ጭነት የተሸከመ ግመል መሆኑን ስትሰማ፣ "ከእኛው ከነጋዴዎቹ ወገን ናቸዋ" አለች። ትራክተር ፋብሪካው በትልቁ ጦርነት ጊዜ ታንክ ይሠራ እንደነበር ሰማች። በ2005 ዓ.ም. በየካቲት ወር አንድ ማለዳ ከሰማይ ድንጋይ ሲወርድ ብርሃኑ ቀድሞ፣ ድምፁ ዘግይቶ እንደመጣም ሰማች። ብዙ ሰው የቆሰለው ብርሃኑን ሊያይ መስኮት ላይ ቆሞ ሳለ በተሰበረ መስታወት ነው።

"ምነው አርፈው ቢቀመጡ?" አለች ከልቧ አዝና።

"እርስዎ ቢሆኑ አያዩም ነበር?" አለቻት እመቤት።

"እኔማ ቀድሜ ነበር የምወጣው።"

ዓርብ ሲመጣ ትጠይቃለች። ሚያስ ወንዝ በረዶ ሠራ? ሐይቅ ውስጥ ወድቆ የወጣውን ያን የሰማይ ድንጋይ ሙዚየም ሄደህ አየኸው? መርዋን አንዱንም ሳይስት ይመልሳል። ወሬው ሃያ ደቂቃ ደረሰ። ዓርብ ከሰዓት ብርድ ልብስ የሚገዛት ሰው ሳይከራከር ይቀነስለት ጀመር።

ባለፈው ዓርብ ስለ ከተማዋ የትራም ባቡር ጠየቀችው።

"እማዬ፣ እኔ እዚያ የለሁም" አላት። "ከወጣሁ ዓመት አለፈኝ። ሥራ ፍለጋ ኦምስክ ወደሚባል ሌላ ከተማ መጥቻለሁ።"

"ታዲያ ስትመልስልኝ የነበረውስ?"

"ከስልክ እያነበብሁ ነው። እንዲያ ደስ እያለሽ እንዴት ልንገርሽ? ሌላ የማወራሽም የለኝ።"

ሀሊሜ ስለ ኦምስክ ምንም አታውቅም። ወንዙ ማን እንደሚባል፣ ፋብሪካው ምን እንደሚሠራ ያነበበላት የለም። የምትጠይቀው ሲያልቅባት፣ ይህን ሁሉ ዓመት ፈርታ ያልጠየቀችውን ጠየቀችው።

"ብቻህን ነህ፣ ልጄ?"

"አዎ እማዬ፣ ብቻዬን ነኝ።"

"እኔም" አለች ሀሊሜ።

ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም፤ ስልኩን ግን ሁለቱም አልዘጉትም። አንድ ደንበኛ መጥቶ ብርድ ልብሱን ሲያገላብጥ ቆየና ሄደ። ሀሊሜ ቀና ብላም አላየችው፤ ልጇ ሲተነፍስ እየሰማች ነበር።