ግቢ አለው ወይ?

ይህ ነገር የደረሰብኝ መቐለ ሞባይል ስልክ ከመግባቱ በፊት፣ ሰው ሰውን ሲፈልግ በእግሩ ሄዶ በር በሚያንኳኳበት ዘመን ነው። ከሃያ ዓመት በላይ አልፎታል። ዛሬም ቀፎ ስከፍት ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ። ያኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ እህል አስጠልቶኝ ነበር።

ቤታችን ዛሬ ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ክፍለ ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ ነበር። አባቴ የመቐለ ሰው፣ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። እናቴ የደሴ ልጅ ስለሆነች ቤት ውስጥ የምናወራው አማርኛ ነው፤ አባቴ ሲቆጣና ሲያቆላምጥ ብቻ ወደ ትግርኛው ይመለሳል። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ዕድሜዬ ወደ ሠላሳው እየተጠጋ ስለነበር ወደፊት ምን አስበሻል የማይለኝ ሰው የለም። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አዲስ አበባ ሄጄ ዲግሪዬን እይዛለሁ። ይህን ስል ዓመታት ሄዱ። አንድም ቀን ግን ሻንጣ ገዝቼ አላውቅም።

ከጓሯችን አባቴ ከአያቴ የወረሳቸው የንብ ቀፎዎች ነበሩ። አባቴ ጉልበቱ ሲደክም ለእኔ ተዋቸው። ከሥራ ስመለስ ልብሴን ለውጬ፣ አመሻሹ ላይ ኩበት አጭሼ እከፍታቸዋለሁ። ጎረቤት ንቦቻችሁ ልጆቻችንን ነደፉ እያለ ይከሰናል፤ ማር ሲቆረጥ ሳህን ይዞ የሚመጣውም ያው ጎረቤት ነው። እኔ ይህን ሥራ ብዬ ቆጥሬው አላውቅም። ፀጉር እንደ መሠራት ያለ የቤት ነገር ይመስለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። ከማይጨው ነው የመጡት። አባቴ ግቡ ሲላቸው ገቡ፤ ተቀመጡ ሲላቸው ግን ቆመው ቀሩ። አልቀመጥም የሚል ሽማግሌ ለምን እንደመጣ መቼም ማንም ያውቀዋል። እናቴ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝና ከመጋረጃው ኋላ ሆነን ማዳመጥ ጀመርን።

የሚናገሩት አቦይ ሐጎስ የሚባሉ ረዘም ያሉ ሰው ነበሩ። ልጃችን መሐንዲስ ነው፣ ከጨዋ ቤት የተወለደ ነው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን ደጅ ልንጠና መጥተናል አሉ። ስሜን አልጠሩም። አባቴም አልጠየቀም፤ የቤቱ ልጅ እኔ ብቻ ነኝ። እንደ ደንቡ ከዘመድ ልምከርበት ብሎ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጣቸው። ውሃ እንኳን ሳይቀምሱ ወጡ።

የቤታችን ጉድ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። አባቴ እኔና ልጁ የምንተዋወቅ፣ ተነጋግረን ሽማግሌ ያስላክን መሰለው። የዛሬ ልጅ እንዲህ ናት ብሎ ተወው። እኔ ደግሞ አባቴ በዘመድ በኩል የጨረሰው ነገር መሰለኝና አኮረፍኩ። እናቴ ሁለቱም ያውቁታል ብላ አመነች። አንዳችን ይህ ሰው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ ነገሩ በዚያው ያበቃ ነበር። ይሉኝታ ሦስታችንንም አፋችንን ያዘን።

ቀጠሮው ሲቃረብ አባቴ ጠራኝ፤ ሲያቆላምጠኝ ጓለይ፣ ልጄ፣ ይለኛል።

“ጓለይ፣ ሰዎቹ መመለሳቸው ነው። እሺ ልበል ወይስ እምቢ?”

ለዚህ ጥያቄ ስዘጋጅ ነው የሰነበትኩት። አዲስ አበባ ሄጄ እማራለሁ ልለው ነበር። አፌ ግን ሌላ አወጣ።

“ግቢ አለው ወይ?” አልኩት።

“የምን ግቢ?”

“ለንቦቹ።”

እናቴ በሳቅ ፈረሰች። ሰው ስለ ባል ጠባይ፣ ስለ መልኩ ይጠይቃል፤ የእኔዋ ስለ አጥር ግቢ ትጠይቃለች አለች። አባቴ አልሳቀም። እስኪበቃው አየኝና “አዲስ አበባስ ግቢ አለሽ?” አለኝ።

ተነስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

በማግስቱ ቢሮ ተቀምጬ አንዱን ገጽ ደጋግሜ እያበላሸሁ ስተይብ ዋልኩ። አዲስ አበባ እሄዳለሁ ስል በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ቀፎዎቹን ለማን እንደምተዋቸው አንድም ቀን አላሰብኩም። ያላሰብኩት መሄድ ስላልፈለግሁ ነው። ዲግሪው ለጠያቂ ሁሉ ደስ የሚል መልስ ስለሆነ ብቻ የያዝኩት ነገር ነበር። ደስ የሚለኝ ያ የጓሮው ሥራ ነው። ይህን ሳውቅ ግን ደስ አላለኝም፣ ፈራሁ። ተምራ ንብ ላርባ የምትል ልጅ ማን ይሰማታል?

ማታ ከራት በፊት ለአባቴ ነገርኩት። ባሉም ይቅር፣ አዲስ አበባም ይቅር፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ቁሓ ባለው የአክስቴ ባዶ ቦታ ላይ ንብ ማርባት ነው የምፈልገው አልኩት። “ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?” ብሎ ተነስቶ ወጣ። እስከ ቀጠሮው ቀን አላናገረኝም። ለሽማግሌዎቹ ምን እንደሚላቸው አላወቅሁም። እሺ ብሎ ቃል ከሰጠ ደግሞ የአባት ቃል ነው፣ በእኔ እምቢታ የሚፈርስ አይደለም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ እንደገና ቆሙ። እኔና እናቴ እንደገና ከመጋረጃው ኋላ ነን። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና ክፍል ውስጥ በሚያስተምርበት ድምፅ መናገር ጀመረ።

“ልጄ ንብ ታረባለች። ሥራዋም ፍላጎቷም እሱ ነው። ከንቦቿ የሚለያት ቤት አትገባም። ልጃችሁ ሰፊ ግቢ ካለው ተቀመጡና እንነጋገር፤ ከሌለው ግን ይቅርታ አድርጉልኝ።”

እንባዬ መጣ። እናቴ ድምፄ እንዳይሰማ በነጠላዋ አፌን ያዘችኝ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ሲንሾካሾኩ ሰማን። አቦይ ሐጎስ ቀስ ብለው ልጅቱ ነርስ አይደለችም ወይ ብለው ጠየቁ። አባቴ ታይፒስት ናት አለ። “ለተብርሃን አይደለችም?” አሉ ደግሞ።

ለተብርሃን የጎረቤታችን ልጅ ናት። አባቴና አባቷ ለፋሲካ በሮቻቸውን ያስቀቡት ከአንድ ጣሳ አረንጓዴ ቀለም ነው። ለሽማግሌዎቹ የተነገራቸው ምልክትም ከገበያው ጀርባ ያለው አረንጓዴ በር የሚል ነበር።

አቦይ ሐጎስ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። አባቴ ግን ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ አይቼውም ሰምቼውም አላውቅም። ከዚያ ጋቢውን ደርቦ ሽማግሌዎቹን ራሱ እየመራ ጎረቤት ወሰዳቸው። ለተብርሃን ያን የመጀመሪያውን እሑድ ቤቱ ተጠርጎና ተደግሶ ስትጠብቅ ማንም አልመጣም። ልጁ ከዳኝ ብላ ሁለት ሳምንት ስታለቅስ፣ እሷም አፍራ ለማንም አልተነፈሰችም። ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀን እሷ ሽማግሌ ቀረብኝ ብላ፣ እኔ ሽማግሌ መጣብኝ ብዬ ስናለቅስ ከርመናል።

አባቴ ከዚያ በኋላ ስለ ዲግሪ አንስቶብኝ አያውቅም። አንድ አመሻሽ ላይ ጋሪ ተከራይቶ መጣና የቀፎዎቹን አፍ ደፍነን ቁሓ አደረስናቸው። ለጥር ሠርግ በለተብርሃን ቤት ከተጣለው ሜስ፣ የትግራይ ጠጅ፣ የከፊሉ ማር የእኛ ነበር። አቦይ ሐጎስ ብርሌያቸውን እንደያዙ ወደተቀመጥኩበት መጥተው ጎንበስ አሉ።

“ጓለይ፣ ግቢው ተገኘ ወይ?”

ቁሓ ተገኘ አልኳቸው። ይቅርታ አድርጊልኝ ሊሉ ጀመሩና ሳቃቸው ቀደማቸው።

ታይፑን ወዲያው አልተውኩም፣ ያን ያህል ሞኝ አይደለሁም። በመጀመሪያው ዓመት ከንቦቹ ብዙዎቹ ኮበለሉብኝ፤ የሰው ምክር ባለመስማቴ ነው የሚል አላጣሁም። ቀስ በቀስ ግን ሥራው በእግሩ ቆመ። ባልም ኋላ በራሱ ጊዜ መጣ። ግቢ አልነበረውም፤ ወደ እኔው ገባ።

ዛሬ አባቴ የለም። በኖርኩት ሕይወት ደስተኛ ነኝ፤ ይህን ሳልፈራ እናገራለሁ። የሚቆጨኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን እሑድ ልጄ ንብ ታረባለች ብሎ ለሰው ሲናገር ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር አላየሁም። መጋረጃው በመካከላችን ነበር።