አሥር ሰዓት፣ ብላ

ሀጀር አብዱልጀባር አውሮፕላን ስታይ ሥራዋን ትረሳለች። ቢሮዋ ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ በአንድ ቪላ ፎቅ ላይ ነበር። አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት በስሱ ይንቀጠቀጣል፤ እሷም እስክሪብቶዋን ከንፈሯ ላይ እንዳደረገች አብራው ትሄዳለች።

«ሀጀር፣ ተመለሽ!» ይላታል ተካልኝ።

«የት ሄድኩና?»

«እኔ ምን አውቄ? አንቺው ንገሪን።»

ተካልኝ የቢሮው ባለቤት ነው። ከነቀምቴ የመጣ፣ መዝሙር እያፏጨ ኮምፒውተር የሚጠጋግን ረጅም ሰው ነበር። ሥራቸው ከውጭ አገር የሚመጡ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን አማርኛ ማናገር ነው። ጊዜው 1990 ዓ.ም. ሲሆን፣ በከተማው ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። የሀጀር እናት እንኳ ልጃቸው ምን እንደምትሠራ ሲጠየቁ «ማሽን ታስተምራለች» ነበር የሚሉት።

ሀጀር ስለ ሰዓት ማሰብ የጀመረችው ገና በልጅነቷ፣ በአባቷ መኪና ውስጥ ነው። አቶ አብዱልጀባር ከደሴ አሰብ የሚመላለሱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። አንድ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዘዋት ሄዱ። ከጎናቸው ተቀምጣ፣ ተራራው ዝቅ እያለ፣ ሙቀቱ እየጨመረ፣ ሜዳው እንደ ውሃ ሲብለጨለጭ ስታይ፣ አሰብ ላይ ዙህር፣ የቀትሩ ሶላት፣ ከደሴ ቀድሞ እንደሚገባ ነገሯት።

«ለምን ይቀድማል አባዬ?»

«ፀሐይዋ መጀመሪያ የምታገኘው እነሱን ነዋ። ወደ እኛ ገና መንገድ ላይ ናት።»

ከዚያ ወዲያ ሀጀር ፀሐይን የምታስባት እንደ አባቷ ከየአገሩ እየደረሰች የምታልፍ መንገደኛ አድርጋ ነበር። ጅዳ አሁን ደርሳለች፤ ካርቱም ገና ናት፤ ዳካር ያሉት ተኝተዋል። ቢሮ ስትገባ ኮምፒውተሩ አሥር ሰዓት ይላታል፣ የእጅ ሰዓቷ አራት ሰዓት ይላታል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ይህ ነገር እንደ ደስ የሚል እንቆቅልሽ ቀኑን ሙሉ ከውስጧ አይወጣም ነበር።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ አንድ የጉዞ ወኪል የትኬት ፕሮግራም አማርኛ እንዲሆንለት አዘዘ። መንገደኛው ከትኬቱ ጋር በራሱ ቋንቋ የተጻፈች ትንሽ ወረቀት እንዲይዝ ነው። ቃላቱ ከውጭ የመጡት በዝርዝር ነበር፤ ከኤ እስከ ዜድ ተደርድረው፣ ሁሉም በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል። የትኛው ቃል የት ቦታ ላይ እንደሚወጣ የሚናገር ግን አልነበረም። ሀጀር ከላይ ወደ ታች ትወርዳለች። «ምሥራቅ» ብላ ጻፈች። ቀጥሎ ኢ፣ ኤ፣ ቲ የሚሉ ሦስት ፊደሎች መጡ። ኢት። ስለ ምግብ ምርጫ ይሆናል ብላ አሰበችና «ብላ» ብላ ጻፈች። ቀጥሎ «አስተካክል»። አንድ አውሮፕላን ተነሳ፤ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፤ ሀጀር ሄደች።

ፕሮግራሙ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ሥራ ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የጉዞ ወኪሉ ስልክ ደወለ። ተካልኝ እያዳመጠ ፊቱ እየተቀየረ መጣ። ስልኩን ሲዘጋ ዝርዝሩን አወጣና ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ።

«ይቺ ቃል አይደለችም» አለ። «አሕጽሮተ ቃል ናት። የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ማለት ነው።»

ሀጀር ወረቀቱን አየች። ሦስቱ ፊደሎች እንደማያውቋት ሰዎች ቆመው አዩዋት።

የሆነው እንዲህ ነው። ወይዘሮ ፀሐይነሽ የተባሉ፣ ገርጂ ላሞች የሚያረቡ እናት፣ አስመረት የምትባል ልጃቸው ናይሮቢ ነርስነት ተምራ ስለምትመረቅ ሊሄዱ ነበር። አውሮፕላኑ የሚነሳው ጠዋት በአራት ሰዓት ነው። ወረቀታቸው ላይ ግን የፈረንጁ ሰዓት ከሀጀር ቃል ጋር «መነሻ 10፡00 ብላ» ብሎ ወጣ። ወረቀቱን የሰጣቸው ሠራተኛም ስልክ ይዞ ስለነበር «ከመነሻው ሁለት ሰዓት ቀደም ብለው ይገኙ» ብቻ ብሎ ሸኛቸው። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ወረቀቱን ከጎረቤት ጋር ሆነው አነበቡ። አሥር ሰዓት ያው አሥር ሰዓት ነው፤ ወደ ማምሻው። «ብላ» የሚለውም መንገደኛ በልቶ ይምጣ ማለት ይሆናል ተባባሉ። ምሳ አሰናድተው፣ ጎረቤት ጠርተው፣ ተመርቀው፣ በስምንት ሰዓት አውሮፕላን ማረፊያ ደረሱ። አውሮፕላናቸው ናይሮቢ ካረፈ ሁለት ሰዓት አልፎታል። ትኬቱ ለማግስቱ ጠዋት ተለወጠላቸው፤ ምረቃው ግን በዚያው ጠዋት፣ እሳቸው ከመድረሳቸው በፊት ያልቃል።

«ጥፋቱ ዝርዝሩን የላኩት ሰዎች ነው» አለ ተካልኝ። «ምንም ማብራሪያ አልሰጡም።»

«ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች ሀጀር። ከዚያም አድራሻውን ጠየቀችው።

ገርጂ ስትደርስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ወይዘሮ ፀሐይነሽ የጉዞ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ላም እያለቡ ነው ያገኘቻቸው። ሀጀር በሩ ላይ ቆማ ማንነቷን ተናገረች። ስለ ዝርዝሩም፣ ስለ ሦስቱ ፊደሎችም አስረዳች።

ሴትዮዋ ማለባቸውን አላቆሙም።

«እና አንቺ ነሽ ‹ብላ› ያልሽኝ?»

«አዎ፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ሴት መሆኔንስ እንዴት ሳታውቂ ቀረሽ?» አሉና ድንገት ሳቁ። ሳቁ ብዙ አልቆየም፤ ዓይናቸው ውሃ ሞላ። «ልጄ ከሰው መሀል ዞር ዞር እያለች ስትፈልገኝ ነው የሚታየኝ።»

ሀጀር ላሟ አጠገብ ተጎንብሳ ባልዲውን ያዘችላቸው። ከዚያ ተያይዘው ሱቅ ሄደው ናይሮቢ ደወሉ። አስመረት ስታለቅስ ስልኩ ውስጥ ተሰማ፤ ቆይታ ግን «እማዬ፣ ጋውኑን አልመልስም። እስክትመጪ ከእኔ ጋር ይቆያል» አለች።

በማግስቱ በአንድ ሰዓት ሀጀር ከወይዘሮ ፀሐይነሽ ጋር አውሮፕላን ማረፊያ ነበረች። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ በቡልቡላ በኩል የታጨደው የጤፍ ማሳ ላይ ጉም ተኝቷል። ሴትዮዋ ከተሸኙ በኋላ ሀጀር አጥሩ ዘንድ ቆማ ቀረች። አውሮፕላኑ ሲነሳ፣ ከልጅነቷ ጀምራ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ውስጡ ያለ አንድ ሰው ታውቃለች። ሰማዩ ላይ ነጥብ እስኪሆን አየችው።

ቢሮ ተመልሳ «ብላ» የሚለውን ሰረዘች። «የአዲስ አበባ ሰዓት» ብላ ልትጽፍ ስትል ተካልኝ ከለከላት።

«ቦታው ከሦስት ፊደል በላይ አይዝም።»

ሀጀር ወደ መስኮቱ ዞረች። ተካልኝ «ተመለሽ» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ከዚያ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ጠዋት፣ ሦስት ፊደል። ቀን፣ ሁለት። ማታ፣ ሁለት። ሌሊት፣ ሦስት።

«ሰዓቱን ስድስት ቀንስልኝ፣» አለችው፣ «በዚያች ቦታ ላይ የሚገባውን እኔ እሰጥሃለሁ።»

ተካልኝ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያፏጭ ዋለና ሠራው። ከዚያ በኋላ የወጣው ወረቀት «መነሻ 4፡00 ጠዋት» ይላል። ሀጀርም ከዚያ ወዲያ የሚላክላትን ዝርዝር ሁሉ «ይህ ቃል የት ነው የሚወጣው? ማን ነው የሚያነበው?» ብላ ሳትጠይቅ አትነካም ነበር። የውጭዎቹ ሰዎች በጥያቄዋ ይሰለቻሉ፤ ግን ይመልሳሉ።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱና አስጠሯት። ፎቶግራፍ አሳዩዋት፦ አስመረት ጥቁር ጋውን ለብሳ፣ እናቷን አቅፋ፣ የተማሪዎች ማደሪያ ግቢ ውስጥ ከተሰጣ ልብስ ፊት ቆማለች።

«ለእኔ ብቻ ዳግመኛ ተመረቀች» አሉ። «አንድ ነገር ልንገርሽ ደግሞ። እዚያ ገበያ አንዲት ማንጎ ሻጭ አለች። አስመረት በእነሱ ቋንቋ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀቻት። ምን አለች መሰለሽ? አራት ሰዓት! እንደ እኛው፣ ፀሐይ ስትወጣ ጀምረው ነው አሉ የሚቆጥሩት።»

ሀጀር ይህን አታውቅም ነበር። ከዝርዝሯም ውስጥ የለም። ፎቶግራፉን እንደያዘች በሐሳብ ሄደች፤ በማታውቀው ገበያ፣ የማታውቃት ሴት ከማንጎ ክምር ኋላ ተቀምጣ ቀና ብላ ፀሐይን ስታይ ታየቻት።

«ታዲያ ማንጎው ጥሩ ነበር?» አለች፣ ተመልሳ።

«ወይ ጉድ! ማር ነው እንጂ» አሉ ወይዘሮ ፀሐይነሽ፣ እርጎ እየቀዱላት።