ጄሶና አጥንት

ሙዚየሙ ምድር ቤት ውስጥ የሚሠራውን ሰውዬ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም ጠጋኙ ነው የሚለው። ሥራው ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ስብርብር አጥንት ተቀብሎ አንዱን ከአንዱ ማጋጠም ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በጥርስ ሐኪም መርፌ አፈር ሲጭር፣ በብሩሽ ሲጠርግ፣ በሙጫ ሲያጣብቅ፣ ሙጫው እስኪደርቅ ስብርባሪውን አሸዋ በሞላ ትሪ ላይ አቁሞ ሲጠብቅ ኖሯል። ዓይኑ በዚሁ አለቀ፤ ወገቡም እንደዚያው። ሚስት አላገባም። ለምን ሲሉት "መቼ ጊዜ አግኝቼ?" ይላል፤ ያን ሁሉ ሺህ ዓመት መሬት ውስጥ የተኙት አጥንቶች አንድ ቀን መታገስ የሚያቅታቸው ይመስል።

ያሳደገችው እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ አራት ዓመቱ፣ እሷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። እስካሁን እትዬ ነው የሚላት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ዋናው ሙያዋ ግን አዲስ መስፋት ሳይሆን የተቀደደ መጠገን ነበር። ከልብሱ ከራሱ እጥፋት ክር መዝዛ፣ ክር በክር እያሾለከች ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። ስትጨርስ ለባለቤቱ ትሰጠውና "እስቲ የቱ ጋ ነበር?" ትለዋለች። ያገኘ ሰው የለም። ወንድሟ እግሯ ሥር ተቀምጦ መርፌዋ ላይ ክር እያስገባላት፣ "የሚታይ ጥገና ደግሞ ምኑ ጥገና ነው!" ስትል እየሰማ አደገ።

ሙዚየም ሲቀጠር ታዲያ መጀመሪያ የተነገረው ሕግ የዚህ ተቃራኒ ሆኖ አረፈው። አጥንቱ ላይ የጎደለ ቦታ ካለ በጄሶ ይሞላል፤ ጄሶው ግን ከአጥንቱ ነጣ ማለት አለበት። የሚያየው ሰው ሁሉ ከመሬት የወጣውን አጥንት በሰው እጅ ከተሞላው መለየት አለበት። ያሠለጠኑት ሽማግሌ "እኛ ጋ ጥገናው ካልታየ ሌብነት ነው" አሉት። ማታ ለእትዬ ሲነግራት በሳቅ ፍርስ አለች። "ወይ ጉድ! ይሄማ የሰነፍ ሙያ ነው" አለችው።

አሥራ ሁለት ዓመት ሕጉን ጠበቀ። ከዚያ ያ መንጋጋ መጣ፤ አርባ አንድ ቁራጭ ሆኖ ተሰባብሮ፣ በጥጥ ተጠቅልሎ። በጊዜው የሙዚየሙ ትልቅ ሰው የነበሩት ፕሮፌሰር እንቅልፍ አጡ። ሰው ከጥንት ፍጡር ተነስቶ፣ መሰላል እንደሚወጣ ሁሉ፣ ቀጥ ባለ መስመር ደረጃ በደረጃ ተለወጠ ይሉ ነበር። ከመሰላሉ አንድ እርከን ጎድሏል፤ እሱም ይሄው መንጋጋ ነው ብለው አመኑ። እንግዳ ተጠራ፣ መንጋጋው ለሕዝብ የሚታይበት የመክፈቻው ቀን ተቆረጠ።

ጠጋኙ አርባውን አጋጠመ። አርባ አንደኛዋ፣ አንድ ጥርስ ያለባት ቁራጭ፣ ልትገጥም ምንም አልቀራት፤ ግን አልገጠመችም። ጣት የምታስገባ ክፍተት ቀረች። ቁራጯ የወጣችው ከዚያው ጉድጓድ ነው፣ ቀለሟም አንድ ነው፤ የዚህ ካልሆነች የማን ትሆናለች? የቀረው ሦስት ቀን ነው። አስቀመጣትና ክፍተቱን በጄሶ ሞላው። ነጩ ጄሶ ከመሃል አፍጥጦ ሲያየው አስጠላው። አጠገቡ የሻይ ብርጭቆ ነበር። ብሩሹን ነከረና ጄሶውን አንዴ ቀባ፣ ደገመ፣ ሠለሰ፤ ነጩ ጠፋ። ቁርጥ የእትዬ እጅ! በማጉያ መነጽር ቢፈልገው ራሱም አላገኘው አለ። አይ ሰው፤ ደስ አለው እኮ!

በመክፈቻው ቀን እነግራቸዋለሁ ብሎ ነበር። በመክፈቻው ቀን ፕሮፌሰሩ በሰው ሁሉ ፊት አቀፉትና "የዚህ ሰው እጅ ባይኖር እርከኑ አይገኝም ነበር" አሉ። ጭብጨባው ቀለጠ። ከዚያ ወዲያ ምን ብሎ ይናገር?

ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ እትዬ የምትሄድበት ጸሎት ቤት ሰባኪ መድረክ ላይ ወጡና "አጥንት አይደለም፣ ጄሶ ነው! ፈጣሪን ለመካድ ሰው በእጁ የሠራው ነው!" ብለው ጮኹ። መንጋጋውን ሄደው አላዩትም፤ ዝም ብለው በግምት ነው። እትዬ ማንንም ሳታማክር በማግሥቱ ምድር ቤት ድረስ ወረደች።

"ሰው ከእንስሳ መጣ የምትሉትን እኔ አልቀበልም" አለችው፣ ቁጭ በዪ ቢላትም ቆማ። "እሱን ተወው። ሰባኪው ግን የሐሰት ሥራ ነው አሉ፣ ያንተ እጅ ያረፈበትን። የተደበቀ ነገር አለው?"

በሩ ተዘግቷል፣ ሌላ ሰው የለም፣ እህቱ ናት። እዚያው ተናግሮ መገላገል ይችል ነበር።

"የለውም እትዬ። ጄሶ ያለበት ሁሉ ነጭ ሆኖ ይታያል።"

"የእናታችን አጥንት ይውጋኝ በል።"

"የእናታችን አጥንት ይውጋኝ" አለ።

በሳምንቱ ስብከቱ መሃል ብድግ አለች። "ሰው ከእንስሳ መጣ በሚለው ተከራከሩ፤ እኔም አላምንበትም። ሐሰት ነው ግን አትበሉ። የጠገነው ወንድሜ ነው፣ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ አይዋሽም።" ሰባኪው "እህታችን፣ ይቀመጡ" ቢሏት ጨርሳ ነው የተቀመጠችው። ማንም ውጪ አላላትም። ቢሏት ይሻል ነበር። አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ፤ ሰላምታው በሩቅ ሆነ፤ ስትታመም ደጇን የሚረግጥ አልተገኘም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ለብቻዋ ተቀምጣ ዘመረች። ወንድሟ "ለምን ሌላ ጋ አትሄጂም?" ሲላት "ቤቴ እኮ ነው፣ የት ልሂድ?" ትለዋለች። ስንት ጊዜ ሊነግራት ቆርጦ ሄዶ፣ ስለ ዝናቡ አውርቶ ተመልሷል!

ዘንድሮ ነው እንግዲህ አዲሷ ተመራማሪ የመጣችው፤ ሳትነካካ የአጥንቱን ውስጥ በጨረር የሚያሳይ መሣሪያ ይዛ። አንድ ሐሙስ ጠርታ ስክሪኑ ፊት አስቀመጠችው። ሻይ የደበቀውን መሣሪያው አልማረውም፤ ጄሶው ከአጥንቱ ተለይቶ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ጠጋኙን ላብ አጠመቀው።

እሷ እቴ፣ በደስታ መቀመጥ አቅቷታል። "ጋሼ፣ ጥርሱ የዚህ መንጋጋ አይደለም! የሌላ ዓይነት ፍጡር ነው። ሁለቱ በአንድ ዘመን ጎን ለጎን ኖረዋል ማለት ነው። መሰላል የሚባል ነገር የለም፤ ቁጥቋጦ ነው፣ ቅርንጫፉ በየአቅጣጫው የወጣ። ያ ቀጥ ያለ መስመር ስህተት ነበር።"

"ሰባኪዎቹ ልክ ነበሩ ማለት ነው?" አላት።

"ኧረ በጭራሽ! ሕይወት መለወጡ መች ቀረ? መንገዱ ካሰብነው በላይ የተጠላለፈ ሆነ እንጂ። ስህተት አገኘን፣ እናርማለን፣ በቃ። ጥናቱ በሚቀጥለው ሳምንት ታትሞ ይወጣል። ደግሞ አይስጉ፣ የእርስዎን ስም አላነሳሁም፤ 'የቀድሞ ጥገና' ብዬ ነው ያለፍኩት።"

በቃ አለች። ለሳይንሱ እውነቷን ነው፤ ተሳስቶ፣ ታርሞ፣ መንገዱን ይቀጥላል። የእትዬን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ግን ማን ያርመዋል? ሰባኪው ከመድረክ ላይ ሳያሰሟት እሱ ራሱ መንገር አለበት። ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ።

ዓርብ ከሰዓት ሄደ። እትዬ ልቧ ደክሞ ደረጃ መውጣት ትታለች፤ መርፌዋን ግን አልጣለችም። ክርኑ ላይ የተቀደደ ጥቁር ኮቱን ባለፈው ሳምንት ሰጥቷት ነበር፤ እሱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ከውስጥ እጥፋቱ ክር ትመዛለች።

"መጣህ? ገና ነው፣ ክሩ እየተበጠሰ አስቸገረኝ" አለችው።

"እትዬ፣ ያኔ ምድር ቤት መጥተሽ የጠየቅሽኝ..." ብሎ ጀመረ። ጥርስ ያለባትን ቁራጭም፣ ክፍተቷንም፣ ሻዩንም አልደበቀም። ጣልቃ ሳትገባ አስጨረሰችው።

"ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"የእናታችንን አጥንት ስትጠራም?"

"አዎ።"

መርፌዋን ኮቱ ላይ ሰካችና እጆቿን አየት አደረገች። "እኔ እኮ ለአጥንቱ አልነበረም የቆምኩት" አለች። "ላንተ ነው።"

እሑድ ጠዋት "ደግፈህ ውሰደኝ" አለችው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጸሎት ቤቱን ረገጠ። ሰባኪው አርጅተዋል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው። እትዬ የመጨረሻውን አግዳሚ ወንበር ተደግፋ ቆመች።

"የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ቆሜ ወንድሜ አይዋሽም ብያችሁ ነበር። ዋሽቷል። አላወቅኩም፤ ቢሆንም በሐሰት መስክሬባችኋለሁና ይቅር በሉኝ።"

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሰባኪው "አልነገርኳችሁም? አጥንት የሚሉት ሁሉ..." ብለው ሲጀምሩ እትዬ እጇን አነሳች።

"ስለ አጥንቱ ምንም አላልኩም" አለች። "እርስዎም ቢሆን ሳያዩ ነው የተናገሩት። እኔ የማወራው ስለ ወንድሜ ነው።"

ጭብጨባው ቀስ በቀስ ቆመ። ሴቶቹ መጥተው አንገቷን አቀፏት፤ ከስንት ዘመን በኋላ! እሷ እንደ ግንድ ቆማ ታቀፈች። ሲመለሱ ደረጃው ላይ ክንዱን ያዘች።

ከዚያ በኋላ ክፉ አልተናገረችውም። ደግም አልተናገረችውም። ሲመጣ ታስገባዋለች፣ ሲሄድ "ደህና ግባ" ትለዋለች፤ እሱም ይቅር ብላው እንደሆነ ደፍሮ አልጠየቃትም። በሰባተኛው ሳምንት፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ስፌት መኪናዋ ፊት እንደተቀመጠች ልቧ ቆመ። ጎረቤት ነው ያገኛት።

ካስቀበራት በኋላ ቤቱን ሊያስተካክል ሲገባ ኮቱ ተተኩሶ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። አወረደውና ክርኑን አየ። በጥቁሩ ጨርቅ ላይ በወፍራም ነጭ ክር ነው የተሰፋው። ዓይኗ ደክሞ ነው እንዳይል፣ ስፌቱ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያለ ጥገና ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ወቀሳ ይሁን ምሕረት አላወቀም፤ የሚጠይቃት ደግሞ የለችም።

ሰኞ ኮቱን ለብሶ ሥራ ገባ። ተመራማሪዋን አስፈቅዶ መንጋጋውን አወጣና፣ በዚያ በጥርስ ሐኪም መርፌ የሻዩን ቀለም ጭሮ ጭሮ ጄሶውን ነጭ አደረገው። ወደ ቤቱ ሲወጣ በር ላይ ያለው ዘበኛ፣ መሞቷን ያልሰማው፣ ክርኑን አይቶ ሳቀ።

"ጋሼ! እንደዚያች ያለች ልብስ ሰፊ እህት እያለችዎት ይሄን ማን አበላሸብዎት?"

"እሷው ናት።"

"ኧረ ይተዉ! የሷ ጥገና መች ይታያል?"

ጠጋኙ ነጩን ክር በጣቱ ዳሰሰ። ሰው በሚወጣበት በሚገባበት በር ላይ ቆሞ፣ ፊቱን በዚያው እጅጌ ሸፍኖ አለቀሰ።