ከውሃ ታንከሩ ላይ ያነሳሁት ፎቶ

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴን የብረት መሰላል አውርጄ ስመለስ መዳፌ ዝገት ዝገት ሸተተኝ። በሳሙና ባሸው ባሸው አልለቅ አለ። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። መካነ ሰላም፣ ከትምህርት ቤቱ ሳይት በላይ ያለው ኮረብታ ላይ፣ በአራት የብረት እግር የቆመ የውሃ ታንከር ነበር። አንድ ቀን ወጥቼበታለሁ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ከፍ ብዬ አላውቅም፤ በኑሮዬም ቢሆን።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ድንጋይ እሸከም ነበር። አባቴ እዚያው ሳይት ግንበኛ ነበሩ። አባትና ልጅ ማንበብ ሳንችል ለሰው ልጅ ክፍል እንገነባለን። ያኔ ይሄ ነገር አልከነከነኝም። አሁን ይከነክነኛል።

ፎርማኑ ከደሴ የመጣ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ልቡ ግን ፈሪ ሰው ነበር። አንድ ማለዳ ስልክ ተደወለለትና ፊቱ አመድ መሰለ። ዋናው ቢሮ ሥራው ቆሟል ብሎ ጠርጥሯል። ሠራተኛው ሥራ ላይ እያለ፣ ሳይቱ በሙሉ የሚታይበት ፎቶ ከላይ ይነሳና እኩለ ቀን ላይ ወደ ደሴ በሚሄደው መኪና ይላክ፤ አለዚያ ሳይቱ ይዘጋል። ሳይቱ ቢዘጋ ፎርማኑ ደሴ ቤቱ ይገባል። አባቴ ግን መተማ ወርደው ሰሊጥ ሊያጭዱ ነው፤ በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ወባ። እናቴ ይህን ስለምታውቅ በየጠዋቱ የሳይቱን መዶሻ ካልሰማች ልቧ አይመለስም ነበር።

በዚያው ጠዋት ሰፈራችን ቁርዓን ሲያስቀሩ የኖሩ ሼህ ሞቱ። የቅሬው ለፋፊ በሳይቱ አጥር ሥር እየጮኸ አለፈ። ቅሬ እኛ ዘንድ የቀብር ማኅበር ነው፤ እስላም ክርስቲያን አይልም፣ ሬሳ ካለ ሁሉም ይወጣል። የእኛ ቅሬ ደግሞ ደንብ ነበረው፦ የሟች አፈር ሳይመለስ ሌላ አፈር አይቆፈርም። አካፋው ሁሉ ባለበት ተሰክቶ ቀረ።

ፎርማኑ ሮጦ የቅሬውን ዳኛ ክንድ ያዘ። «አባባ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ስጡኝ!»

«እሱን ለሬሳው ንገረው» አሉት ዳኛው። ጥቂት ሄደው ግን ዞሩ። «አብሽር ልጄ። ቀብረን እንመጣልሃለን። መኪናው ሳይነሳ እንደርሳለን።»

እኔም ልከተል ስል አባቴ ከለከሉኝ። «አንተ ከሱ ጋር ሁን፤ ብቻውን ምን ያረጋል። እኔ ለሁለታችን እቀብራለሁ።»

ታንከሩ ላይ ወጣን። ፎርማኑ ከፍታ ስለሚፈራ ወደ ታች ሳያይ ነው የወጣው። ካሜራውን ለሰው አልሰጥም ብሎ ማንጠልጠያው አንገቱ ላይ እንዳለ፣ ታንከሩን አቅፎ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ እንደሚጠባ ጥጃ ደረቱ ሥር ተሸጉጬ በካሜራዋ መስታወት አያለሁ።

ምን ልበልህ! የምሠራበትን ቦታ ለካ አላውቀውም። ከታች ጭቃና ድንጋይ ብቻ ነበር። ከላይ ሲታይ ክፍሎቹ ተሰልፈው፣ መተላለፊያው በመካከላቸው ተዘርግቶ፣ ሁሉም ወግ አለው። የከተማው ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። ነፋሱ የባሕር ዛፍ ሽታ ያመጣል፤ ባዶው ታንከር ከጀርባችን ያንጎራጉራል።

«ግድግዳው መሃል ያለው ያ ክፍት ቦታ ምንድነው?» አልኩት።

«በር ነው፣ አንተ ደንቆሮ! ራስህ የገነባኸው በር! ሰው መጣ?»

«አልመጣም።»

ፀሐይ አናታችን ላይ ልትደርስ ስትል ሰዉ ከመቃብር ጎረፈ። ሠራተኛው ብቻ አይደለም። ሽማግሌው፣ ባልቴቷ፣ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ ቄሱ፣ ሁሉም ሳይቱ ውስጥ ገባ። አካፋ ያገኘ አካፋ፣ ያጣ ድንጋይ አነሳ።

«መጡ!» አልኩ።

«እየሠሩ ነው?» አለ ዓይኑን እንደጨፈነ።

«ኧረ ቆመዋል።»

«ለምን ይቆማሉ?»

«ፎቶ ሊነሱ ነዋ።»

በዚያን ጊዜ እኛ አገር ፎቶ የሚነሳ ሰው አይንቀሳቀስም። ልብሱን ያስተካክላል፣ ትንፋሹን ይውጣል፣ ዓይኑን ከካሜራው አይነቅልም። የተንቀሳቀሰ ያበላሻል። ሊረዱት ነው የመጡት፤ እንዳያበላሹበት ደግሞ ቀጥ ብለው፣ መሣሪያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ሽቅብ እኛን ያያሉ።

ፎርማኑ ዓይኑን ገለጠ። «ሥሩ! ቆፍሩ እንጂ! ምን ይገትራችኋል!» ነፋሱ ድምፁን ወሰደው። እነሱ ያዩት ሰውየው እጁን ሲያወናጭፍ ነው፤ ጠጋ ጠጋ ብለው ይበልጥ ደረቁ። ከመናኸሪያው የመኪናው ጡሩንባ ተሰማ።

«አንሳ በቃ! አንሳ፣ አልቆልናል!»

ቁልፉን ተጫንኩት።

ፎቶው ደሴ ደረሰ። «ሠራተኛው ቆሞ ነው የሚውለው» አለ አሉ ቢሮው። የሬሳ ሸኚ ይሆን ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ሳይቱ ተዘጋ። አባቴ በጭነት መኪና መተማ ወረዱ፤ እዚያው ወባ በላቸው። ትምህርት ቤቱን ከዓመታት በኋላ ሌሎች ጨረሱት። እኔም ከጎልማሶቹ ጋር ገብቼ፣ ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አልገባ እያለኝ፣ ፊደል የለየሁት እዚያ ነው። አባቴ ሌላ ፎቶ የላቸውም። ያንን ማን እንዳየው፣ ማን እንደጣለው፣ እስካሁን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ያን ዕለት ከታንከሩ ስወርድ አባቴ ከሥር ቆመው ጠበቁኝ። ጉልበታቸው ላይ የመቃብር አፈር ነበር።

«ወጣሁ?» አሉኝ።

በዚያች መስታወት ውስጥ ሰው ሁሉ ጤፍ አክሎ ነበር። የቱ እሳቸው እንደሆኑ አልለየሁም።

«ወጥተዋል አባ።»

«ዓይኔን አልጨፈንኩም?»

«አልጨፈኑም።»

«ደግ» አሉ። «እንግዲህ የደሴዎቹ ካዩን ይተዉናል።»

ከዚያ ሲሚንቶ አቡካ አሉኝ፤ ማንም ፎቶ ሳያነሳቸው እስኪመሽ ድረስ ገነቡ።