ልጄ የምትደገፈው ግድግዳ

ፈሪ ነኝ። ቀበሌ ስገባ እንኳን የመጣሁበትን እረሳለሁ። ስለዚያ ቤት ግን ተናገርኩ፤ ደግሜም እናገራለሁ።

ካዛንቺስ ሲፈርስ ቅርስ ነው ተብሎ የቀረ አንድ አሮጌ ባለ ሰገነት ቤት አለ። ድሮ የባላባት ነበር ይላሉ፤ እኔ የማውቀው ጣሪያው ሲያፈስ፣ እርግብ ሲራባበት ነው። ኋላ ሊጠገን ነው፣ የታችኛው ክፍል መራመድ የማይችሉ ልጆች መዋያ ይሆናል ተባለ። በቃ፣ ሮጬ ልጄን አስመዘገብኩ። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በእግሯ አትሄድም። ደምበል አካባቢ ፎቅ ሳጸዳ የምውለው ጎረቤቴ ጋ ጥያት ነው፤ ጎረቤቴ ደግሞ ሰፈር ልትለቅ ነበር።

ክፍሉን እንድናይ እናቶቹን የጠሩን ቀን ሠራተኞቹ የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለስኑ ደረስን። ሌሎቹ እንዴት ያምራል አሉ። እኔን ግን ደስ አላለኝም። ወሎ ከእናቴ ጋር ቤት ስመርግ ነው ያደግኩት። ጭቃ ላይ ሲሚንቶ ከተለሰነ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ አንድ ቀን ልስኑ ጭቃውን ይዞ ይዘረገፋል። ከተማ ስንገባ ብዙዎቻችን የሠራነው ስህተት ነው፤ ያለፈልን መስሎን ጭቃ ቤታችንን ሲሚንቶ እናለብሰዋለን። የልጆቹ ፍራሾች የሚነጠፉት ደግሞ እዚያው ግድግዳ ሥር ነው። ሌላ ልጅ ቢሆን ሮጦ ያመልጣል።

ግን ብናገር ልጄን ከዝርዝሩ ቢያወጧትስ?

ጥገናውን የምትመራው ኢንጂነር የትልቋ ልጄ እኩያ ናት፤ ከፍርሃቴ የተነሳ አንቱ አልኳት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ ማለቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ ብዬ የማውቀውን ነገርኳት። አጠገቧ የቆመው የሠራተኞቹ አለቃ፣ ፎርማኑ፣ ሳቀ።

«እትዬ፣ እርስዎ የሚያወሩት ስለ ጎጆ ነው።»

«ጎጆ አይደለም፤ እዚሁ ካዛንቺስ በሲሚንቶ ያስለሰንኩት ቤቴ ወድቆብኛል» አልኩት።

ከሳምንት በፊት ተለስኖ ወደነበረው ጥግ ሄጄ በጣቴ መታሁት። ባዶ ድምፅ ሰጠ። ኢንጂነሯም መታችው፤ ከዚያ መዶሻ ተቀብላ ጫፉን ነካ ስታደርገው ልስኑ እንደ ምጣድ ክዳን ሙሉውን ተገንጥሎ ወደቀ። ከሥሩ ጭቃው ርሷል። ፎርማኑ ሳቁን ተወ።

«ታዲያ በምን ይመረግ?» አለችኝ።

ቀይ አፈርና የጤፍ ጭድ አልኳት፤ ሁለት ሳምንት ይቡካ፣ በየቀኑም ይረገጥ።

«ማን ሊረግጠው ነው?» አለ ፎርማኑ።

«እኔ» አልኩና ጫማዬን አወለቅኩ።

ሲሚንቶው ተነስቶ በጭቃ እስኪመረግ መክፈቻው ዘገየ፤ እናቶቹ አኮረፉኝ። ጎረቤቴም ሄደች። ጠዋት ጠዋት ልጄን ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር አስቀምጬ ጭቃ እረግጣለሁ፣ ከዚያ አዝያት ሥራዬ እሄዳለሁ። እሷ ስታየኝ ትስቃለች፤ ዳንስ መስሏት።

የተከፈተ ቀን እናቶቹ ልጆቻቸውን እንዳቀፉ በሩ ላይ ቆመው የጭቃውን ግድግዳ በጥርጣሬ ያዩታል። አልፌያቸው ገባሁና የልጄን ጀርባ አስደገፍኩት። እነሱም አንድ በአንድ ገብተው ልጆቻቸውን ከጎኗ አስቀመጡ።