ዐቃቤ ሕጉ ወንድሜ ሚስት ሲለምን

ታላቅ ወንድሜ ኋላ የክፍለ ሀገሩ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆኗል። ሰው ስለ ሹመቱ ሲያወራልኝ ግን እኔን ሳቅ ይቀድመኛል፤ ዳባት ላይ የሆነውን አውቃለሁና።

በደርግ ጊዜ ነው። ወንድሜ አዲስ አበባ ሕግ ተምሮ ደባርቅ ተመድቦ መጣ። ችሎት ሲቆም ከዛሪማም ከበየዳም ለራሱ ጉዳይ የመጣ ሰው የሱን ክርክር ሳይሰማ ወደ አገሩ አይመለስም። ወንድሜ ቤት ሲገባም አያቆምም! እናቴ "ወጡ ጨው አንሶታል እንዴ?" ብላ ብትጠይቀው "በመጀመሪያ ደረጃ..." ብሎ ይጀምርላታል።

ልቡ የወደቀው ዳባት ባለች ጓደኛዬ ላይ ነበር። እሷም አልጠላችውም። ችግሩ፣ ከጎንደር አንድ ነጋዴም ሽማግሌ ልኮ የአባቷን መልስ እየጠበቀ ነበር። ወንድሜ ቶሎ ካልደረሰ መሄዷ ነው።

የንስሐ አባታችንና አጎቴ ለሽምግልና ተመረጡ። ወንድሜ አብሬ ካልሄድኩ አለ።

"አንተ ልጅ፣ አብደሃል?" አለው አጎቴ። "ሚስት የሚለመንለት ሰው ራሱ ይለምናል?"

"የራሴን ጉዳይ ለማን አሳልፌ እሰጣለሁ?" አለና ካፖርቱን ደርቦ ወጣ።

እኔ እህቱ በገበያ አሳብቤ ቀድሜ ዳባት ገብቻለሁ። ከልጅቱ ጋር ጓዳ ተደብቀን እናዳምጣለን።

ሽማግሎቹ እንደ ወጉ ቆሙ። አባቷ "አረፍ በሉ እንጂ" ቢሉ፣ "የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ። የንስሐ አባታችን "ልጅዎን ለልጃችን..." ከማለታቸው ወንድሜ ወደፊት ወጣ። ጠባዩን፣ ሥራውን፣ ዘሩን ዘረዘረ። ነጋዴውንማ እዚያው ከሰሰው፤ ሊፈረድበት ምንም አልቀረው። በመጨረሻ ጣቱን ቀስሮ፣

"አባቴ፣ ልጅዎን የሚከለክሉበት ምክንያት አለ ወይስ የለም? ባጭሩ ይመልሱልኝ!" አላቸው።

ልጅቱ ነጠላዋን ነከሰች። "አለቀልኝ" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ጨረስክ፣ ጓድ?" አሉት አባቷ ቀስ ብለው።

"ለጊዜው ጨርሻለሁ።"

"እንግዲያስ ጉዳዩ ይመርመር። ለመጪው ወር ቀጥሬሃለሁ።"

አጎቴ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ለካ የልጅቱ አባት በሬ ተሰርቆ፣ ሌባው ተይዞ፣ ክሱ ደባርቅ ከተከፈተ ቆይቷል። "ምስክር አልተሟላም" እያለ ቀጠሮ የሚያስለውጠው ደግሞ ማን ይመስላችኋል? ወንድሜ! ሰውየው በእግራቸው እየመጡ በእግራቸው ሲመለሱ ከርመዋል።

ያን ወር ወንድሜ ቤት ውስጥ ስለ ጨውም አልተከራከረም። ጓደኛዬ በበኩሏ የነጋዴው ሽማግሎች በመጡ ቁጥር ራስ ምታት ይነሳባታል።

ቀጠሮው ሲደርስ ሽማግሎቹ ብቻ ገቡ። ወንድሜ፣ ያ ችሎት የሚያንቀጠቅጠው ሰው፣ ከአጥሩ ውጭ የበቅሎዎቹን ልጓም ይዞ ቆመ። እኛ ጓዳችን ነን። የንስሐ አባታችን በለሆሳስ ለመኑ፣ አባቷም በለሆሳስ መለሱ፤ ከዚያ ወንበር ሲሳብ ሰማን። ተቀመጡ ማለት ነው! ልጅቱ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

አባቷ ግን ወደ አጥሩ ወጡ፤ እኛም በጓዳው መስኮት አጮለቅን።

"ጓድ ዐቃቤ ሕግ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ። የምትጨምረው ነገር አለ?"

ወንድሜ የበቅሎዋን ጆሮ አየ። "የለኝም፣ አባቴ።"

"በሬዬስ?"

"ምስክሮቹ ተገኝተዋል። ሰኞ ይሰማል።"

እውነትም ሰኞ ተሰማ።